ነጋዴ ወይስ ሥራ ፈጣሪ?

አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት የከፈተ አንባቢ እንዲህ ይጠይቃል፦ «ደሞዜ ወር አያደርስም ነበር፤ አለቃም ሰልችቶኝ ነበር። ለቀቅኩና የራሴን ጀመርኩ። ካርዴ ላይ ‹ሥራ ፈጣሪ› ልጻፍ ስል አጎቴ ‹ፈጣሪ አንድ ነው፤ አንተ ነጋዴ ነህ› አሉኝ። ማን ልክ ነው?»

የአጎትህ ምክንያት አያስኬድም፤ ፍርዳቸው ግን ደስ ይለኛል። ሰው ወሬ ይፈጥራል፣ ሰበብ ይፈጥራል። ሥራ ቢፈጥር ምን ነውር አለው?

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። «ሥራ ፈጠራ» ሁለት ሸክም ይዟል። አንዴ ለሥራ አጥ ሥራ ማስገኘት ነው፤ አንዴ ደግሞ የራስን ድርጅት ማቋቋም። ብቻህን ከማሽንህ ጋር ከሆንክ ለማን ፈጠርክ?

«ነጋዴ» ግን ሥር አለው። በግዕዝ ነገደ መጓዝም መነገድም ነው። ነጋዲ መንገደኛም ነው፣ ተሳላሚም፣ ሻጭም። «መንገድ» ራሱ ከዚሁ ይወጣል። ቅርጹንም እይ፦ ወሰደ ወሳጅ፣ ሄደ ሂያጅ ካለ፣ ነገደ «ነጋጅ» ባለ ነበር። አላለም። የግዕዙን ነጋዲ ጫፉን ብቻ ቀይረን ያዝነው። አገር ለአገር የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ከቤቱ ሲወጣ አሞሌ ጨው በስንት እንደሚሸጥለት አያውቅም ነበር።

«ኢንተርፕረነር (ሥራ ፈጣሪ የምንለው) አዲስ ነገር ያመጣል፤ ነጋዴ ገዝቶ ይሸጣል» የሚሉ አሉ። ይህ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሹምፒተር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያጎላው ሐሳብ ነው። ቃሉን ቀድሞ ወደ ምጣኔ ሀብት ያስገባው ካንቲሎን፣ በፈረንጆቹ 1755 በታተመ መጽሐፉ፣ የለየው በገቢ ነው። ቅጥረኛ ገቢውን ያውቃል። ኢንተርፕረነር በታወቀ ዋጋ ገዝቶ በማይታወቅ ዋጋ ይሸጣል። ለማኝና ሌባን ሳይቀር እዚሁ መድቧቸዋል! አንተም የወረቀቱንና የኪራዩን ዋጋ ታውቃለህ። ከፋሲካ በኋላ ስንት ሰው የሠርግ ካርድ እንደሚያሳትም ግን አታውቅም።

ይሁንና ተሸንፌያለሁ። «ነጋዴ» ዛሬ ፊቱ ላይ «ስግብግብ» ካልተለጠፈ የሚነገር አይመስልም። ሲሰሙት ዘይት የደበቀ ሰው ነው የሚታያቸው። ፒያሳ ቡና ስጠጣ አጠገቤ ያሉ ልጆች «ቢዝነስ ላይ ነኝ» ይባባላሉ፤ «ነጋዴ ነኝ» ያለ አልሰማሁም። የሚገርመው፣ አራዳ እዚሁ ፒያሳ የነበረው የድሮ ገበያ ስም ነበር። እሱ ብልጥ ማለት ሆኖ ሲከበር የገበያው ሰው ስም ተዋረደ።

እና «ሥራ ፈጣሪ» ብለህ ጻፍ፣ ማንም አይታዘብህም። ለአጎትህ ግን «ነጋዴ» የሚል ለብቻ አትመህ ስጣቸው። ማሽኑ ያንተ አይደል?