ካርታው ለምን ግራጫ ሣጥን ሆነ?

ጅማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት አንባቢ እንዲህ ጽፈውልኛል፦ «እንግዶቼ ከመናኸሪያ ወደ እኛ የሚያመጣውን መንገድ እንዲያዩ ልጄ የጉግል ካርታን ድረ ገጻችን ላይ በአይፍሬም አስገባ። የሚታየው ግን ግራጫ ሣጥን ብቻ ነው። ኔትዎርክ ይሆን?»

እህቴ፣ ኔትዎርክ አይደለም። ልጅዎም ብዙ አልሳተም፤ የተሳሳተው ሊንኩ ነው።

አይፍሬም ገጽዎ ላይ የሚከፈት መስኮት ነው። በመስኮቱ የሚታየው ከሌላ ሰርቨር የሚመጣ ሙሉ ገጽ ነው። የዚያ ገጽ ባለቤት «በሰው ገጽ ውስጥ እንዳልታይ» ካለ ብሮውዘሩ ይታዘዛል። ትእዛዙ ከገጹ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ኤክስ-ፍሬም-ኦፕሽንስ ይባላል። ይህንኑ ሥራ የሚሠራው አዲሱ ትእዛዝ ደግሞ ፍሬም-አንሴስተርስ ይባላል። ሣጥኑ መሀል ፊቷን ያጠቆረች ትንሽ ወረቀት ካዩ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ክልከላው ለእኛው ደኅንነት ነው። አጭበርባሪ የባንክ ገጽን በማይታይ ፍሬም አድርጎ «ሽልማትዎን ይውሰዱ» በሚል ቁልፍ ላይ ሊያነጥፈው ይችላል። ሰውዬው ሽልማቱን የነካ ይመስለዋል፤ ጣቱ ያረፈው ግን «ገንዘብ አስተላልፍ» ላይ ነው። ስለዚህ «ክልከላውን እናልፋለን» የሚሉ ኮዶችን እባክዎ አይንኩ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ልጅዎ ከላይ ከአድራሻው መስመር ነው የቀዳው፤ ያ አይሠራም። በኮምፒውተር ጉግል ካርታን ይክፈት፣ ቤታችሁን ይፈልግ፣ «ሼር» ይበል። ከዚያ «ኢምቤድ ኤ ማፕ» የሚለውን ይጫንና ኮዱን እንዳለ ኮፒ ያድርግ። ዩቲዩብም እንዲሁ ነው፤ «ዋች» ያለበት ሊንክ እምቢ ይላል፣ «ኢምቤድ» ያለበት ይገባል።

ኮዱ መካከለኛ መጠን ከተመረጠ ካርታው 600 በ450 ፒክስል ሆኖ ይመጣል። ስልክ ላይ ከጎን ይቆረጣልና ወርዱን 100% ያድርገው። ውስጡ «ሎዲንግ ሌዚ» የሚል ቃል ካለ እንዳይሰርዘው። እንግዳው ገጹን ስቦ ካርታው ጋ ሲቃረብ ብቻ እንዲጭን የሚያደርገው እሱ ነው፤ ዳታ ይቆጥባል።

ከካርታው ሥር አቅጣጫውን በጽሑፍም ያስቀምጡ፦ ከመናኸሪያ ባጃጅ ሲይዙ ምን እንደሚሉ፣ የት እንደሚወርዱ። ኔትዎርክ ሲደክም ካርታው ይቀራል፤ ጽሑፉ ግን ይደርሳል። አሁንም ግራጫ ከሆነ ያስገባችሁትን ኮድ እንዳለ ላኩልኝ፣ አየዋለሁ።