መልስ፦ ተማሪዎችን በዲጂታል ትረካ መመዘን ያስኬዳል?

«የነርሲንግ ተማሪዎቼ በድርሰት ፈንታ ከተግባር ልምምዳቸው አጭር የቪዲዮ ትረካ ቢሠሩና ማርክ ብሰጥበት ያስኬዳል ወይ?» ላሉት፣ አዎ ያስኬዳል። ግን ምን እንደሚመዝኑ አስቀድመው ይለዩ።

ትረካ ተማሪው መርፌ በትክክል መውጋቱን አይነግርዎትም። ለዚያ ቆሞ ማየት ነው። ትረካው የሚያሳየው ታካሚውን እንዴት እንዳዳመጠ፣ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ፣ በኋላስ ምን እንደለወጠ ነው። እነዚህ በምርጫ ጥያቄ አይገኙም።

ርዝመቱን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይገድቡ። ተማሪው በራሱ ድምፅ ይተርክ። ማርኩ በብዛት ለጽሑፉና ለማሰላሰሉ ይሁን፤ ለቅንብሩ ጥቂት ይበቃል። አለዚያ የሚመዝኑት ማን ጥሩ ስልክ እንዳለው ነው። ረቂቁን ቀደም ብለው ይዩት፤ ተማሪው ሲጨርስም ስለ ሥራው በቃል ይጠይቁት። ሌላ ሰው ጽፎለት ከሆነ ለማወቅ ይረዳል።

ትልቁ ጣጣ የታካሚ ምስጢር ነው። ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። ዕድሜ፣ ቀን፣ ብርቅ የሆነ ሕመም ሲገጣጠሙ ሰውየውን ያሳውቃሉ። ስለዚህ ከሕክምና ክፍል ፎቶም ቪዲዮም አይነሣ። ሥዕል፣ የባዶ ወንበር ፎቶ ወይም የተማሪው የራሱ እጅ ይበቃል። ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋም ከመጀመሪያው ይወሰን።

ሌላም አለ። ተማሪዎች የሞት ታሪክ ሊመርጡ ይችላሉ። ያስለቀሰ ሁሉ ከፍተኛ ማርክ ካገኘ ግን በሚቀጥለው ዙር ሁሉም ያስለቅስዎታል! መመዘኛውን ቀድመው ይስጧቸው፤ ከተቻለም ሁለት መምህራን ለየብቻ ያርሙ። ታሪኩ የከበደው ተማሪ ካለ ርዕስ እንዲቀይር ይፈቀድለት፤ ማርክም አይቀነስበት።