«ሥርዓታችንን ያበላሽብናል»

ከቨርጂኒያ የጻፈችልን እናት ነርስ ናት። የዘጠኝና የስድስት ዓመት ሴቶች ልጆች አሏት። ባለቤቷ በአሜሪካ የአንድ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ነው። ኩባንያው አብራሪ ሲያጥረው እረፍት ላይ ላሉት የስልክ መልእክት ይልካል፤ ተነስቶ ለሚመጣ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ይከፍላል። ባለፈው ወር በትንሿ ልጃቸው ልደት ጠዋት እንዲህ ያለ መልእክት መጣ፤ አባት ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። «ዶላሩ ለውጦታል። ወይ እኛን ወይ በረራውን ምረጥ ልበለው?» ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው አብሬሽ ተናደድኩ። ልጅ ኬኳ ላይ ሻማ እየሰካች አባት ዩኒፎርሙን ሲለብስ ማየት ያማል፤ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ደግሜ ሳነበው ግን መሐል ላይ በግማሽ መስመር ያለፍሻት ነገር ያዘችኝ። «ቤት ሲውል ደግሞ ሥርዓታችንን ያበላሽብናል፤ የታጠበውን ስኒ እንኳ የማይሆን ቦታ ይደረድራል፣ ማታ እኔ መልሼ አስተካክላለሁ» ብለሻል።

«ያበላሽብናል» ስትይ እነማን ናችሁ? አንቺና ልጆቹ። እሱ እዚያች ቃል ውስጥ የለም።

ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላም አለ። አባትየው የትንሿን ጫማ ሊያስር ሲጎነበስ «እማዬ ትሰርልኝ» ብላ እግሯን ሰበሰበች አልሽኝ። የጻፍሽው ድካምሽን ለማስረዳት ነው። እኔ ግን፣ አትቀየሚኝና፣ ከድካሙ ጀርባ ጥቂት ኩራትም የታየኝ መሰለኝ። ሰውዬውስ ያን ጊዜ ምን አደረገ? ቀና ብሎ ወዴት ሄደ? ያን አልጻፍሽም።

ሌላው ያላብራራሽው 2020ን ነው። «በኮሮና ጊዜ ከሥራ ሲቀነስ ቤቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ» ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። ያ ዓመት ለአብራሪዎች ምን እንደነበረ ላስታውስሽ። የመንግሥት የደመወዝ ድጋፍ ሴፕቴምበር 30 ላይ ሲያበቃ በአሜሪካ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ለጊዜው ተብለው ተሰናበቱ። ብዙ አንጋፋ ካፒቴኖች ደግሞ ገንዘብ እየተሰጣቸው ከጊዜያቸው በፊት ጡረታ ወጡ። ተሳፋሪው ሲመለስ ወንበሩን የሚሞላ ሰው ጠፋ። አብራሪ እንደ ሌላ ሠራተኛ በማስታወቂያ አይገኝም፤ እዚያ አገር አየር መንገድ ለመግባት ባብዛኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል፣ 65 ዓመት የሞላው ደግሞ ይወዳል አይወድም ይወርዳል። በ2022 ሰመር ለተጨማሪ በረራ እስከ ሦስት እጥፍ የከፈሉ ትናንሽ አየር መንገዶች ነበሩ።

ባልሽን በዚህ መሐል አስቢው። ያኔ «አታስፈልገንም» ያለው ድርጅት ዛሬ በራት ሰዓት «እንፈልግሃለን» ብሎ ይጽፍለታል። ምን ያህል እንደሚፈልገው እንኳ በቁጥር ያስቀምጥለታል። ከዚያ ቀና ሲል ራቱ ቀርቧል፣ የቤት ሥራው ታይቷል፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ተፈርሟል፣ ጫማው ታስሯል። እሱ ባይኖርም ቤታችሁ ሙሉ ነው። ሙሉ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ ያለ ምርጫ፤ በዚህ አልወቅስሽም። እንዲህ ያለውን ታሪክ ከረጅም መንገድ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሚስቶችም እሰማለሁ። ሰውየው ሲቀር የተደረደረው ኑሮ ሲመጣ ቦታ አይለቅለትም። በሥራው የጠፋው ሰው ቤቱ ውስጥ ትርፍ ይሆናል። እኔ ስገምት ባልሽ የሚሮጠው ወደ ዶላሩ ብቻ አይደለም፤ እሱ ሲቀር ቦታው ወደሚጎድልበት ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ የሰማሁት አንቺን ብቻ ነው።

በልደቱ ጠዋት መልእክቱን ሲያሳይሽ ምን አልሽው? ራስሽ ጽፈሽዋል፦ «እንደፈለግህ።» እኔና አንቺ ይህ ቃል በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ «ሂድና ታየኛለህ» ማለት ነው። ሰውዬው ግን ቅኔ ቤት አልገባ ይሆናል፣ ወይም ሰሙ ስለሚመቸው ወርቁን አልፈለገም። ስልኩ በግልጽ ጠራው፣ አንቺ «እንደፈለግህ» አልሽው፣ እሱም ሄደ። እውነት ለመናገር የልጁን ልደት ማንም ሳይነግረው ማወቅ ነበረበት፤ ይህ የእሱ ጥፋት ነው። ግን «ዛሬ እንድትቀር እፈልጋለሁ» የሚል ቃል ደብዳቤሽን ሁሉ ባገላብጥ አላገኘሁም።

ስለዚህ «ወይ እኛን ወይ በረራውን» አትበይው። የሚያስፈራራ ሰው ራሱ የሚፈልገውን አይናገርም፤ እሱም እንደተለመደው አይሰማሽም። መጀመሪያ በረራዎቹን ለዩ። የትኛውን ወዶ ወሰደ፣ የትኛውን ኩባንያው አስገደደው? አንቺ ሁለቱን አንድ ላይ ቆጥረሻል። በሕጉ በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት በላይ መብረር አይችልም፤ ጣሪያው አለ፣ ከዚያ በታች ያለውን ግን ተነጋግራችሁ መወሰን ትችላላችሁ። አብራሪዎች የሚቀጥለውን ወር መርሐ ግብር በምርጫ ነው የሚሞሉት፤ ቅድሚያው ቀድሞ ለተቀጠረ ስለሆነ እንደ እሱ ያለ በቅጥር ዘመን ወደ ኋላ የቀረ ሰው የፈለገውን ሁሉ ላያገኝ ይችላል። ቢሆንም የምትፈልጊያቸውን ቀኖች ምርጫው ከመዘጋቱ በፊት ንገሪው፣ በቀን በቀናቸው፣ ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት።

ሁለታችሁ አንድ ላይ ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ደስ ይለኛል፤ በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ብዙ አብራሪዎች «የጤና ፈቃዴን ያሳጣኛል» ብለው ከምክር ይሸሻሉ። የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ለጤና ምርመራ በሚያስሞላው ቅጽ ላይ የምክር አገልግሎት መመዝገብ ያለበት ከሱስ ወይም ከአእምሮ ሕመም ጋር ሲያያዝ ነው። የትዳር ምክር ከዚህ የተለየ ነው፤ ልቡ እንዲያርፍ ግን የሚመረምረውን ሐኪም ይጠይቅ።

ቶሎ ለውጥ አትጠብቂ። ልጂቱም «እማዬ ትሰርልኝ» ማለቷን በአንድ ሳምንት አትተውም። እስከዚያ ጫማውን እሱ ሲያስር አንቺ ከክፍሉ ወጣ በይ፣ ቢላላም መልሰሽ አታጥብቂው። ስኒዎቹም እሱ ባስቀመጠበት ይደሩ።