«ኢጎህ ነው» ስድብ ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ጓደኛህ «ይቅርታ ያልጠየቅከው በኢጎህ ነው» ማለቷ ስድብ ነው ወይ ላልከው፦ ሙገሳስ አይደለም፤ ትዕቢተኛ ነህ ማለቷ ግን አይመስለኝም።

ቃሉ ላቲን ነው፣ «እኔ» ማለት። የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ በ1923 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ሲጽፍ የተጠቀመው ተራውን «እኔ» ነበር፤ ላቲኑን ያስገቡት የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎቹ ናቸው። በእሱ አገባብ ኢጎ ጥፋት አይደለም፤ በደመ ነፍስ ፍላጎት፣ በኅሊና ወቀሳና በገሃዱ ዓለም መካከል የሚያስታርቅ የአእምሮ ክፍል ነው። ይሄን ለፈተና ያዘው፤ ሰፈር ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎ አያወራም።

እኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎክ ስብሰባ ላይ አንድ ልጅ «ሮቶው ከደረጃው ሥር ይነሳ፣ መተላለፊያ ዘጋ» አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ «አይሆንም!» ብለው ቆረጡት። በሚቀጥለው ስብሰባ ያንኑ ሐሳብ ራሳቸው እንደ አዲስ አመጡት። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች «ወይ ኢጎ!» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ጋሼ እኮ ሰው አይንቁም፤ ቡና ሲፈላ ዘበኛውን ሳይቀር የሚጠሩ ናቸው። «በልጅ ተቀደምኩ» የሚለው ነው ያንገበገባቸው። ትዕቢት ቢሆን ቡናውም ይቀር ነበር።

ስለዚህ በእኛ አነጋገር ኢጎ ለእልህና ለ«ክብሬ ተነካ» ይቀርባል። «ኢጎው ተነካ»፣ «ኢጎህን ዋጥ አድርገው» እንላለን። «ኢጎይስት» ግን ሌላ ነው፣ ራስ ወዳድ ማለት ነው፤ እሱን ብትልህ ኖሮ ብትቀየም አልፈርድብህም ነበር። አሁን ግን ደውልላት።