ፕሌይስቴሽን 6ን ልጠብቅ ወይስ 5ን ልግዛ ላልከው

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ለምትከፍተው ጌም ቤት አዲሱን ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ መሣሪያ)፣ ፕሌይስቴሽን 6ን፣ መጠበቅ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሃል። በእኔ እምነት አትጠብቅ! ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በቺፕ እጥረት ምክንያት አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ እንኳ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ልብ አልተገኘም። ጣና ዳር እስኪደርስማ አስበው!

ዋናው ጉዳይ የዲስክ ማጫወቻ ያለውን መምረጥህ ነው። ዲስክ የማይቀበለው በዋጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚይዙ ጨዋታዎች አሉ፣ እነዚያን በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ያራቁታል። ዲስክ ከጓደኛ ትዋሳለህ፣ ሲሰለችህም ትሸጠዋለህ። የፕሌይስቴሽን 4 ዲስኮች ካሉህ ደግሞ አብዛኞቹ ይሠሩልሃል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያስከትለውን የኃይል መዋዠቅ አትናቀው፤ ስታቢላይዘሩን ከኮንሶሉ ጋር አብረህ ግዛ።