ኤኤምኤች ዝቅ ማለቱ አልወልድም ማለት ነው?

እህቴ፣ «34 ዓመቴ ነው፣ ኤኤምኤች ዝቅ ብሎ መጣ፣ አልወልድም ማለት ነው?» ላልሽው፣ አይደለም። ኤኤምኤች በደም የሚለካ ሆርሞን ነው፤ ምርመራው የቀሩሽን እንቁላሎች ብዛት ይጠቁማል እንጂ ጥራታቸውን አይነግርሽም። ጥራቱን በዋናነት የሚወስነው ዕድሜ ነው። ደግሞ በየወሩ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ነው፤ ቋቱ ጎደለ ማለት ያቺ አንዷ አትወጣም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 750 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 44 ነው፤ የመካንነት ታሪክ የላቸውም። በተፈጥሮ መንገድ ለማርገዝ ሲሞክሩ፣ ኤኤምኤች ያነሰባቸው ከሌሎቹ የባሰ አልተቸገሩም። ቁጥሩ በደንብ የሚጠቅመው ለአይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ ተዋሕደው ለሚደረግ እርግዝና) ነው። ወር አበባሽ የሚቋረጥበትን ዓመትም ቆርጦ አይነግርሽም። (ውጤቱን ያለ ማብራሪያ ሰጥተው የሚሸኙ ሰዎች ግን ያናድዱኛል!) አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ ሐኪም አማክሩ፤ 35 ከሞላሽ ግን ከ6 ወር በላይ አትጠብቂ። ወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ አሁኑኑ ሂጂ።