ከክረምት በኋላ ፑል ስትከፍቱ፦ ጠይቁኝ

ጅማ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል የሆቴልና የፔንሲዮን ሰዎች ስልክ ይበዛብኛል። ጥያቄው ተመሳሳይ ስለሆነ አንድ ላይ ልመልስ። አብዛኛው ሰው ከክሎሪን ይጀምራል፤ ብሩንም ውሃ ይበላዋል። ክሎሪን መጨረሻ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከቦሳ ነኝ። ፑላችን ተዘግቶ ከርሞ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። አፍስሰን እንደ አዲስ ብንሞላውስ?

መልስ፦ ተው ወንድሜ! አሁን መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ጠግቧል። ገንዳው ባዶ ሲሆን ከስሩ ያለው ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ወለሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። አዌቱ ወንዝ ዳር ያላችሁ ደግሞ እንዳታስቡት። ቅጠሉንና ጭቃውን በመረብ አውጡ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፣ ፊልተሩን ባክዋሽ አድርጉ (ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ እየለቀቃችሁ እጠቡት)። ቅጠሉ ሳይወጣ ክሎሪን ብትጨምሩ ቅጠሉ ላይ ነው የሚያልቀው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ጸድቷል። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) 6.8 ይላል። ቀጥሎስ?

መልስ፦ አልካሊኒቲ ለኩ፤ ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው በውሃው ውስጥ ያለው ነገር ነው። የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ ክረምቱን ሙሉ ሲገባበት የፑሉን አልካሊኒቲ ያቀጥነዋል። እሱ ሲወርድ ፒኤች አይረጋም፤ ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው። ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም በሊትር ይሁን። ማንሻው ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ በሜትር ኪዩብ 18 ግራም ገደማ በ10 ያነሳዋል። 50 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ፑል 60 ላይ ካለ፣ 90 ለማድረስ 2.7 ኪሎ ይፈልጋል። በባልዲ አሟሙታችሁ ፓምፑ እየሰራ በትኑት፣ በማግስቱ ለኩ። ፒኤቹም አብሮ ትንሽ ይነሳል። ከ7.2 እስከ 7.6 ጥሩ ነው፤ ካለፈ አሲድ በትንሽ በትንሹ። ፒኤች 8 ላይ አብዛኛው ክሎሪን ጉልበት የለውም፤ ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ ላይ የምጨቀጭቃችሁ።

ጥያቄ፦ የክሎሪን ዱቄት ሱቅ ጠፋ። በረኪና ይሆናል?

መልስ፦ ሽቶ ከሌለውና ከማያረፋው ይሆናል። ለዚያው 50 ሜትር ኪዩብ፣ ክሎሪኑን በ10 ሚሊግራም በሊትር ለማንሳት 5 በመቶ የሆነ በረኪና 10 ሊትር ይበቃል። 65 በመቶ ዱቄት ቢሆን 770 ግራም ገደማ ነበር። ጸሐይ ላይ የከረመ ጀሪካን ግን አትግዙ፤ በረኪና በሙቀትና በብርሃን ይደክማል። አልጌው (ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው) ከበዛ አንድ ዙር አይበቃም። ምሽት ላይ ጨምሩ፤ ቀን ከሆነ ጸሐይዋ ትጨርሰዋለች። አረንጓዴው ወተት መሰለ? ደስ ይበላችሁ፣ አልጌው ሞቷል። ፓምፑን ሳታጠፉ ፊልተሩን ደጋግማችሁ እጠቡ።

ጥያቄ፦ የእኛ ክሎሪን ስናደርግበት ሻይ መሰለ። ውሃው የጉድጓድ ነው።

መልስ፦ ብረት ይሆናል። ክሎሪን ሲያገኘው ዝገት ሆኖ ይወጣል። ፊልተሩ ቀስ በቀስ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ እንግዶች ዓይናችን ተቃጠለ፣ ሽታውም ከበደን አሉ። ክሎሪን በዛ ማለት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አነሰ ማለት ነው። የሚሸተው ከላብና ከሽንት ጋር የተጣመረው ክሎሪን ነው። መጀመሪያ ፒኤቹን እዩ፣ ከዚያ ማታ በዛ አድርጋችሁ ክሎሪን ጨምሩ። ከመግባታቸው በፊት ሻወር አስወስዷቸው፤ ይቀየማሉ ብላችሁ አትፍሩ።

ጥያቄ፦ አሲዱና ክሎሪኑ አንድ መጋዘን ነው ያሉት። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ለዪያቸው! ሁለቱ ከተገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። መስፈሪያቸውም የተለያየ ይሁን። ሁልጊዜ መድኃኒቱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ መድኃኒቱ አታፍሱ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ የሰርግ እንግዳ አለን። መቼ እንክፈት?

መልስ፦ ክሎሪኑ ወደ 3 ሚሊግራም በሊትር ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ግን ከ1 በታች ሳይሆን፣ ፒኤቹም ሲረጋ። ደግሞ ዳር ቆማችሁ የወለሉ ማፍሰሻ ጥርት ብሎ ካልታያችሁ፣ ሙሽራው ቢለምንም አትክፈቱ። እዚያ ታች የሰጠመ ሰው ቢኖር ማንም አያየውም።